ስለ ዜማ ደራሲው ስለ አንቶኒን ድቮርዣክ

ዛፍ አስቀድሞ ሥሩን ወደ መሬት ይሰዳል፥ ከዚያም በኋላ ግንዱን ወደ ላይ ያወጣል። ሥሩን በሚሰድበት ጊዜ የሚያየው ሰው የለም፤ ቅጠሉና ፍሬው በወጣ ጊዜ ግን መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ይመለከተዋል። የሰውም ዕውቀት እንደዚሁ ነው። አንቶኒን ድቮርዣክ የሚባለው የዜማ ደራሲ ዛሬ በብዙ አገር ስሙ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን በጐልማሳነቱ ጊዜ በብዙ ሰዎች መካከል ተቀምጦ፥ ማንም ስሙን ሳይጠራው፥ ዘጠኝ ዓመት ያህል በአንድ ቴያትር ቤት የሌሎችን ዜማ ሲጫወት ኖረ። የዚህ ሰው ሕይወት ሁለት ነገር ያስተምራል፤ አንደኛው በትዕግሥት መሥራት ነው፥ ሁለተኛውም ሌላው ሰው የናቀውን ድምፅ ማዳመጥ ነው።

በዚህ ንባብ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቈጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ኦርኬስትራ ምን እንደሆነ

የድቮርዣክን ሥራ ለማወቅ አስቀድሞ ኦርኬስትራ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። ኦርኬስትራ ማለት ልዩ ልዩ የሙዚቃ መሣሪያ የያዙ ብዙ ሰዎች በአንድነት የሚጫወቱበት ጓድ ነው። ቍጥራቸው አንዳንድ ጊዜ ከ30 አይበልጥም፥ አንዳንድ ጊዜም ከ80 በላይ ይሆናል።

መሣሪያዎቹ በአራት ወገን ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወገን አውታር ያላቸው ናቸው፤ እነዚህም እንደ መሰንቆ በደጋን የሚመቱ ናቸው፥ ነገር ግን መሰንቆ አንድ አውታር ብቻ ሲኖረው እነርሱ አብዛኛውን ጊዜ አራት አውታር አላቸው። ከእነርሱም ትንሹ ቫዮሊን ይባላል፥ ድምፁም ቀጭን ነው። ከእርሱ ጥቂት የሚበልጠው ቪዮላ ነው፥ ድምፁም መካከለኛ ነው። ተጫዋቹ ተቀምጦ በጕልበቶቹ መካከል የሚይዘው ቼሎ ይባላል። ከሁሉ የሚበልጠው ባስ ነው፤ ቁመቱ ከሰው ቁመት ይበልጣል፥ ድምፁም እጅግ ወፍራም ነው። ሁለተኛው ወገን እንደ ዋሽንት በትንፋሽ የሚነፉ ናቸው። ሦስተኛው ወገን ከናስ የተሠሩ መለከቶች ናቸው። አራተኛውም ወገን ከበሮና እንደ ከበሮ የሚመቱት ሁሉ ናቸው።

በእነዚህ ሁሉ ፊት አንድ መሪ ቀጭን በትር ይዞ ይቆማል፤ ጊዜውን እየለካ፥ አንዱን ዝም እያሰኘ፥ ሌላውን እያስነሣ ይመራቸዋል። እያንዳንዱ ተጫዋች በፊቱ የተዘረጋለት ወረቀት የራሱን ድምፅ ብቻ የሚያሳይ ነው፤ የመሪው መጽሐፍ ግን የሁሉንም ድምፅ በአንድ ገጽ ላይ ከላይ እስከ ታች ደርድሮ ያሳያል። ይህን መጽሐፍ የሚጽፈው የዜማ ደራሲው ነው። እንግዲህ ደራሲው ብዕሩን ከማንሣቱ በፊት የሁሉንም ድምፅ በልቡ መስማት አለበት። ለኦርኬስትራ ከሚደረሱት ሁሉ ታላቁ ሲምፎኒ ይባላል፤ ይኸውም አብዛኛውን ጊዜ በአራት ክፍል የተከፈለ ረጅም ድርሰት ነው።

ድቮርዣክ በኦርኬስትራ ውስጥ የተጫወተው ቪዮላ ነው። ሕዝቡ ኦርኬስትራ ሲሰማ ብዙውን ጊዜ የሚያስተውለው ዋናውን ዜማ የሚይዘውን ቫዮሊንን ነው፤ በመካከል ያለውን ቪዮላን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ሰው ነው። በጭቃ ቤት ውስጥ ማገሩ በምርጊት ተሸፍኖ አይታይም፤ ነገር ግን ማገር የሌለው ግድግዳ አይቆምም። ቪዮላም በኦርኬስትራ ውስጥ እንደ ማገር ነው።

የተወለደበት አገርና ልጅነቱ

አንቶኒን ድቮርዣክ በ1841 ዓ.ም. በሴፕቴምበር 8 ቀን ኔላሆዜቬስ በምትባል መንደር ተወለደ። መንደሪቱ ከፕራግ ከተማ በስተ ሰሜን በቭልታቫ ወንዝ ዳር ናት። ያ አገር ቦሄሚያ ይባላል፤ በዚያን ጊዜ በአውስትርያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረ፥ ዛሬ ግን የቼክ ሪፑብሊክ ክፍል ነው። ሕዝቡ በቤቱ በቼክ ቋንቋ ይናገር ነበር፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግን የሚሠራበት ጀርመንኛ ነበረ። ስለዚህ ከፍ ወዳለ ሥራ ለመድረስ የሚመኝ ልጅ ሁሉ ጀርመንኛ መማር ግድ ሆነበት።

አባቱ ፍራንቲሼክ የመንገደኞች ማረፊያ ቤት ነበረው፤ ከብትም እያረደ ሥጋ ይሸጥ ነበር። ዚተር የሚባለውን የአውታር መሣሪያም መምታት ያውቅ ነበር። አንቶኒን ለወላጆቹ የበኵር ልጅ ነው። በስድስት ዓመቱ ወደ መንደሩ ተማሪ ቤት በገባ ጊዜ አስተማሪው ከንባብና ከጽሕፈት ጋር ቫዮሊን መጫወት አስተማረው። በዚያ አገር የመንደር አስተማሪ ሁሉ ልጆችን ዜማ ማስተማር ልማዱ ነበረ፤ ስለዚህም ከድኃ ቤት ብዙ ዐዋቂ ተጫዋቾች ይወጡ ነበር።

አንቶኒን ዐሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነው፥ በ1853 ዓ.ም.፥ አባቱ ጀርመንኛ እንዲማር ዝሎኒትሴ ወደምትባል አነስተኛ ከተማ ላከው፤ በዚያም ከእናቱ ወንድም ዘንድ ተቀመጠ። የዝሎኒትሴ አስተማሪ አንቶኒን ሊይማን የሚባል ሰው ነበረ። ይህ ሰው ቍጡ ነበረ፥ ልጅ ሲሳሳት ባየ ጊዜ አይታገሥም ነበር፤ ነገር ግን ዕውቀቱን ሳይሰስት ይሰጥ ነበር። ልጁን ቫዮሊንና ፒያኖ፥ የዜማንም ሥርዓት፥ ደግሞም ኦርጋን አስተማረው። ኦርጋን በወናፍ ነፋስ እየተሞላ በጣት የሚመታ የቤተ ክርስቲያን መሣሪያ ነው። በዝሎኒትሴ ልጁ የተማረው ከጀርመንኛው ይልቅ ዜማው በለጠ።

ድቮርዣክ ይህን አስተማሪውን አልረሳም። ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ፥ በ1889 ዓ.ም. በቴያትር በተጫወቱለት «ያኮቢን» በተባለው ድርሰቱ ውስጥ፥ ቤንዳ የሚባል አንድ የመንደር አስተማሪ አለ፤ ይህ ሰው ልጆችን ሰብስቦ በትጋት ዜማ ያስተምራል። የቤንዳ መልክ የተቀዳው ከሊይማን ነው። አስተማሪው የዘራውን ዘር ተማሪው በዚህ ዓይነት አከበረለት።

ወደ ፕራግ መሄዱ

አባቱ የበኵር ልጁ ሥራውን እንዲወርስ ይፈልግ ነበር፤ የቤቱም ገቢ ጥቂት ነበረ። ሊይማን ግን ልጁ ዜማ ቢማር እንደሚሻል አጥብቆ ተናገረ፥ የእናቱም ወንድም በገንዘብ ሊረዳው ተስማማ። ስለዚህ በ1857 ዓ.ም. ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሆነው በፕራግ ወደሚገኘው የኦርጋን ተማሪ ቤት ገባ። ሁለት ዓመት ተምሮ በ1859 ዓ.ም. ሲጨርስ ከጓደኞቹ ሁለተኛ ሆነ። በምስክር ወረቀቱም ላይ፥ በእጅ ሥራ ብርቱ ነው፥ በዜማ ትምህርት መጽሐፍ ግን እንደዚያው አይበረታም የሚል ቃል ተጻፈበት። መምህራኑ ያን ጊዜ ያዩትን ጻፉ፤ የሚመጣውን ግን አላዩም።

ከዚህ በኋላ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ለመሆን ቢጠይቅ ሳይቀበሉት ቀሩ። እርሱም ተስፋ ሳይቈርጥ ካሬል ኮምዛክ የሚባል ሰው ወደሚመራው አነስተኛ የሙዚቃ ጓድ ገብቶ ቪዮላ መጫወት ጀመረ። ይህ ጓድ በየምግብ ቤቱና በየጭፈራው አዳራሽ እየዞረ የሚጫወት ነበረ። በ1862 ዓ.ም. በፕራግ በቼክ ቋንቋ ለሚደረግ ጨዋታ አንድ ቴያትር ቤት ተከፈተ፤ እስከ ጊዜው ድረስ የቆመ ስለሆነም «ጊዜያዊ ቴያትር» ተባለ። የኮምዛክ ተጫዋቾች የዚህ ቴያትር ኦርኬስትራ መሠረት ሆኑ፥ ድቮርዣክም ከእነርሱ ጋር ገባ።

በዚያ ቴያትር እስከ 1871 ዓ.ም. ድረስ ቪዮላ ሲጫወት ቈየ። ደመወዙ ጥቂት ስለሆነ ለሰው ልጆች ፒያኖ እያስተማረ ይረዳበት ነበር። የራሱ ፒያኖ አልነበረውም፤ የዜማ መጽሐፍም መግዣ ስላልነበረው ካሬል ቤንድል የሚባለው ወዳጁ መጽሐፎቹን ያውሰው ነበር። ነገር ግን ድኅነቱ ያልሰጠውን ወንበሩ ሰጠው። በኦርኬስትራው መካከል ተቀምጦ በግራው ቫዮሊኑን፥ በቀኙ ቼሎውን፥ በኋላው መለከቱንና ከበሮውን ይሰማ ነበር። አንዱ መሣሪያ የትኛውን ድምፅ በቀላሉ እንደሚያወጣ፥ የትኛው እንደሚከብደው፥ ሁለት መሣሪያዎች በአንድነት ሲጮኹ ምን ዓይነት ድምፅ እንደሚወለድ በየማታው በጆሮው ተማረ። በ1863 ዓ.ም. ታላቁ የጀርመን ደራሲ ሪሐርድ ዋግነር ወደ ፕራግ መጥቶ የራሱን ዜማ በመራ ጊዜ ድቮርዣክ ከተጫዋቾቹ አንዱ ነበረ። ከ1866 ዓ.ም. ጀምሮም የቼኮች ታላቅ ደራሲ ቤድርዢሕ ስሜታና የኦርኬስትራው መሪ ሆነ። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ሥራ ከውስጥ ሆኖ መስማት፥ ገንዘብ ሳይከፍሉ ከታላቅ መምህር ዘንድ እንደ መማር ነው።

የሥራው ትዕግሥት

ሌሊት ከቴያትር ሲመለስ ድቮርዣክ የራሱን ድርሰት ይጽፍ ነበር። ከጓደኞቹም ብዙዎቹ ይህን አያውቁም ነበር። በ1865 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ሲምፎኒ ጽፎ ወደ ጀርመን አገር ለውድድር ላከው፤ ነገር ግን አልተመለሰለትም። እርሱም ሌላ ቅጂ ስላልነበረው እንደ ጠፋ ቈጥሮ ተወው። ያ ወረቀት የተገኘው ደራሲው ከሞተ በኋላ በ1923 ዓ.ም. ነው፤ በኦርኬስትራም መጀመሪያ የተሰማው በ1936 ዓ.ም. ነው። ድቮርዣክ የመጀመሪያ ሲምፎኒውን በጆሮው ሳይሰማው ሞተ።

ከጻፋቸውም ብዙዎቹን ራሱ መርምሮ ያልተስተካከሉ ሆነው ባገኛቸው ጊዜ በእሳት ያቃጥላቸው ነበር። በ1871 ዓ.ም. ለድርሰት ጊዜ እንዲያገኝ ብሎ የቴያትሩን ሥራ ተወ። በዚያም ዓመት «ንጉሡና ከሰል አክሳዩ» የተባለ የዘፈን ቴያትር ጻፈ። በ1873 ዓ.ም. ተጫዋቾቹ ሊለማመዱት ሲጀምሩ ከባድና የማይያዝ ሆነባቸው፥ ልምምዱም ቀረ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ ተጫዋቾቹን በሰደበ ነበር። ድቮርዣክ ግን ወረቀቱን ይዞ ወደ ቤቱ ተመለሰና ጥፋቱን ከራሱ ፈለገ፤ ቃሉን እንዳለ ትቶ ዜማውን ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንደ አዲስ ጻፈው። በ1874 ዓ.ም. በኖቬምበር ወር ያው ቴያትር ተጫወተው፥ ሕዝቡም በደስታ ተቀበለው።

በእነዚህ ዓመታት ስሙ በፕራግ መታወቅ ጀመረ። በ1873 ዓ.ም. በመጋቢት ወር ለብዙ ዘማሪዎችና ለኦርኬስትራ የጻፈው መዝሙር ተዘምሮ ሕዝቡን እጅግ ደስ አሰኘ። በዚያው ዓመት አና ቼርማኮቫን አገባ፤ በ1874 ዓ.ም. በቅዱስ ቮይቴሕ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ሆነ። የአውስትርያ መንግሥት ለድኆችና ለብልሆች ወጣት የጥበብ ሰዎች የሚሰጠው የገንዘብ እርዳታ ነበረ፤ ድቮርዣክ 15 ድርሰቶችን ልኮ ቢጠይቅ በ1875 ዓ.ም. 400 ጉልደን ተሰጠው። በኋላም ደጋግሞ አገኘ።

የሐዘን ዘመን

የቤቱ ኑሮ በተሻለ ጊዜ ታላቅ ሐዘን መጣበት። በ1875 ዓ.ም. በነሐሴ ወር የተወለደችው ልጁ ዮሴፋ ከሁለት ቀን በኋላ ሞተች። ከጥቂት ወራት በኋላ «ስታባት ማቴር» በሚባለው በጥንታዊው የላቲን ጸሎት ላይ ዜማ መጻፍ ጀመረ። የጸሎቱ ነገር የጌታ እናት በመስቀሉ ሥር ቆማ በልጅዋ ሞት ስታዝን የሚያሳይ ነው። የመጀመሪያውን ረቂቅ ከጻፈ በኋላ ሌላ ሥራ ስለ መጣበት አቈየው።

በ1877 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ሌላይቱ ልጁ ሩዜና ገና አንድ ዓመት ሳይሞላት ለክብሪት ሥራ የሚሆነውን ፎስፎር የሚባለውን መርዝ ሳያዩአት ጠጥታ ሞተች። አንድ ወር ሳይሞላም ሦስት ዓመት የሆነው ልጁ ኦታካር በፈንጣጣ ሞተ። ይህ የሆነው በሴፕቴምበር 8 ቀን ነው፤ ያም ቀን አባቱ የተወለደበት ቀን ነበረ። ባልና ሚስት ያለ ልጅ ቀሩ።

ድቮርዣክ በዚያ ጊዜ ወደ ተወው ረቂቅ ተመለሰ። ከቀን ወደ ቀን እየጻፈ በኖቬምበር ወር ፈጸመው። ድርሰቱ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚወስድ ረጅም ነው፤ መጀመሪያው ከዝቅተኛ ድምፅ ተነሥቶ ቀስ እያለ እንደ ልቅሶ ይወጣል፥ መጨረሻው ግን በተስፋ ይፈጸማል። በፕራግ በ1880 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ተዘመረ። በ1884 ዓ.ም. በለንደን ከተማ በሮያል አልበርት አዳራሽ ራሱ ደራሲው ሲመራው ከ800 በላይ የሆኑ ዘማሪዎች አብረው ዘመሩት። በአንድ ድኃ ቤት ውስጥ የወደቀው እንባ በባዕድ አገር የብዙ ሰዎችን ልብ አጽናና። በኋላም ለድቮርዣክና ለሚስቱ ሌሎች ስድስት ልጆች ተወለዱላቸው።

የታላቅ ሰው ወዳጅነት

የመንግሥቱን እርዳታ ለሚሰጡት ዳኞች ከ1875 ዓ.ም. ጀምሮ በቪየና የሚኖረው ታላቁ ደራሲ ዮሐንስ ብራምስ አንዱ ነበረ። ብራምስ የድቮርዣክን ሥራ አይቶ አልቀናም፤ ይልቁንም በ1877 ዓ.ም. በበርሊን ዜማ እያሳተመ ለሚሸጠው ለዚምሮክ ጽፎ አመሰገነለት። ዚምሮክም በ1878 ዓ.ም. በመጀመሪያ ለሁለት ድምፅ የተጻፉትን የሞራቪያ ዘፈኖች፥ ቀጥሎም «የስላቭ ጭፈራዎች» የተባሉትን አሳተመ። ድቮርዣክ ለጭፈራዎቹ የተቀበለው 300 ማርክ ብቻ ነው፥ አሳታሚው ግን ከእነርሱ ብዙ ገንዘብ አተረፈ። ሆኖም በእነርሱ ምክንያት በአንድ ዓመት ውስጥ ስሙ በጀርመንና በእንግሊዝ አገር ተሰማ። በእነዚህ ጭፈራዎች ውስጥ የመንደሩ ሰው በበዓል ቀን የሚጨፍርበት አመታት አለ፤ ዜማውን ግን ደራሲው ራሱ ፈጠረው።

ዚምሮክ በድርሰቶቹ ላይ የደራሲውን ስም በጀርመንኛ «አንቶን» ብሎ ያሳትም ነበር። ድቮርዣክ ይህን ተቃወመ፤ ስሙ በሕዝቡ ቋንቋ እንዲጻፍ ለመነ፥ የጥበብ ሰውም አገር እንዳለውና አገሩን መውደድ እንደሚገባው ጻፈለት። ብራምስም ወደ ቪየና መጥተህ ተቀመጥ ብሎ ቢመክረው በአገሩ መኖርን መረጠ። በ1884 ዓ.ም. ቪሶካ በምትባል መንደር አንድ አሮጌ ቤት ገዝቶ አደሰ፤ በዚያም በበጋ እርግብ እያረባ፥ አትክልት እየተከለ፥ ከመንደሩ ሰዎች ጋር እየተጨዋወተ ይጽፍ ነበር። የምድር ባቡርንም እጅግ ይወድ ነበር፤ በፕራግ ወደ ጣቢያው እየሄደ የሚመጣውንና የሚሄደውን ባቡር ይመለከት፥ ከነጂዎቹም ጋር ይነጋገር ነበር። በ1891 ዓ.ም. የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክተር ብሎ ሾመው፤ እርሱ ግን ያው የሥጋ ሻጩ ልጅ ሆኖ ኖረ።

በአሜሪካ የሰማው ድምፅ

በኒው ዮርክ ከተማ ጃኔት ተርበር የምትባል ባለጸጋ ሴት በ1885 ዓ.ም. አንድ የሙዚቃ ተማሪ ቤት አቁማ ነበር። በዚያን ዘመን በአሜሪካ ብዙ ተማሪ ቤቶች ጥቁሮችን አይቀበሉም ነበር፤ ይህ ተማሪ ቤት ግን ጥቁርና ነጭ ሳይለይ ወንዶችንም ሴቶችንም ይቀበል ነበር፥ ብልህ ሆኖ መክፈያ ያጣውንም ያለ ገንዘብ ያስተምር ነበር። ድቮርዣክ በዓመት 15,000 ዶላር ደመወዝ ተሰጥቶት የዚህ ተማሪ ቤት አለቃ እንዲሆን ተጠራ። በ1892 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ኒው ዮርክ ደረሰ፤ አራቱ ልጆች ግን በአገራቸው ቀሩ።

የአሜሪካ ሰዎች ከእርሱ የፈለጉት የአገራቸውን ሙዚቃ እንዴት እንደሚያቆሙ እንዲያሳያቸው ነው። ድቮርዣክ ግን ከማስተማሩ በፊት ሰማ። ከተማሪዎቹ መካከል ሃሪ በርሌይ የሚባል ጥቁር ወጣት ነበረ። አያቱ ባሪያ የነበረ ሰው ነው፤ ባሮች በእርሻ ላይ ሲሠሩና ሲጸልዩ የሚዘምሩአቸውን መንፈሳውያን መዝሙሮች ለልጅ ልጁ አስተምሮት ነበር። በአሜሪካ ባርነት የቀረው በ1865 ዓ.ም. ነው፤ ስለዚህ ያ መከራ ገና በብዙ ሰዎች ልብ ውስጥ ነበረ። ድቮርዣክ በርሌይን ወደ ቤቱ እየጠራ መዝሙሮቹን እንዲዘምርለት ያደርግ ነበር፥ እየደጋገመም ያስዘምረው ነበር።

ብዙ የተማሩ ሰዎች እነዚህን መዝሙሮች እንደ ተራ ነገር ይቈጥሩአቸው ነበር። ድቮርዣክ ግን በ1893 ዓ.ም. በግንቦት ወር በኒው ዮርክ ጋዜጣ ላይ፥ የአሜሪካ ሙዚቃ ወደፊት የሚቆምበት መሠረት የጥቁሮች ዜማ ነው ብሎ በግልጥ ተናገረ። ይህ ንግግር ብዙ ክርክር አስነሣ፤ አንዳንዱ አመሰገነው፥ አንዳንዱም ነቀፈው። እርሱ ግን ቃሉን አልለወጠም። በርሌይም በኋላ ስመ ጥር ዘማሪና ደራሲ ሆነ፤ በ1949 ዓ.ም. እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስ የአያቱ መዝሙሮች በታላላቅ አዳራሾች እንዲዘመሩ ደከመ።

በዚያው ጊዜ ድቮርዣክ «ከአዲሱ ዓለም» የተባለውን ዘጠነኛውን ሲምፎኒ ይጽፍ ነበር። በ1893 ዓ.ም. በግንቦት 24 ቀን ሲፈጽመው፥ በአገራቸው የቀሩት አራቱ ልጆቹ በመርከብ ተሳፍረው ወደ እርሱ ሲመጡ በደኅና እንግሊዝ አገር መድረሳቸውን የሚነግር ቴሌግራም ደረሰው፤ ከደስታውም የተነሣ ይህን በድርሰቱ ወረቀት ላይ ጻፈው። በሲምፎኒው ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝ ሆርን በሚባል የትንፋሽ መሣሪያ የሚጀምር ዝግ ያለ ዜማ አለ። ብዙ ሰዎች ይህ ዜማ ከጥቁሮች መዝሙር የተወሰደ ይመስላቸዋል፤ ነገር ግን ድቮርዣክ ራሱ የፈጠረው ነው። የሰማውን መዝሙር አልሰረቀም፤ መንፈሱን በልቡ አሳድሮ የራሱን ዜማ አወጣ እንጂ። በ1922 ዓ.ም. ከተማሪዎቹ አንዱ ለዚህ ዜማ ቃል ጽፎለት መዝሙር ሆነ።

በዚያ ዓመት በክረምቱ ዕረፍት ወደ አዮዋ ግዛት ስፒልቪል ወደምትባል መንደር ሄደ። በዚያ የሚኖሩት ከቦሄሚያ የተሰደዱ ገበሬዎች ስለ ነበሩ በየመንገዱ የራሱን ቋንቋ ሰማ። ጠዋት በቤተ ክርስቲያናቸው ኦርጋን ይመታላቸው ነበር፤ ከዚያም በወንዙ ዳር እየተመላለሰ የወፎችን ዜማ ያዳምጥ ነበር። በዚያም ለአራት ባለ አውታር መሣሪያዎች የሚሆን አንድ ድርሰት በ16 ቀን ውስጥ ጽፎ ፈጸመ። የዚህን ድርሰት መክፈቻ ዜማ የሚይዘው ቪዮላ ነው። ሁልጊዜ በመካከል የሚደበቀው መሣሪያ ያን ጊዜ ቀድሞ ተናገረ።

አዲሱ ሲምፎኒ በ1893 ዓ.ም. በታኅሣሥ 16 ቀን በኒው ዮርክ በካርኔጊ አዳራሽ አንቶን ዛይድል በሚባል መሪ በተጫወቱት ጊዜ ሕዝቡ ማጨብጨቡን አልተውም አለ፤ ደራሲው ካለበት ቦታ እየተነሣ ደጋግሞ እጅ መንሣት ግድ ሆነበት። ድርሰቱ በሚታተምበትም ጊዜ ባሕር በመካከል ስለ ሆነ ወረቀቱን ለእርማት መላላክ አስቸጋሪ ሆነ። ያን ጊዜ በዓለም የታወቀው ሽማግሌው ብራምስ የወዳጁን ድርሰቶች በበርሊኑ አሳታሚ ዘንድ ራሱ እያነበበ አረመለት። ታላቅ ሰው ለወዳጁ ጥቃቅን ነጥብ ሲለቅም መዋሉን ድቮርዣክ በሰማ ጊዜ እጅግ ተደነቀ።

የመጨረሻው ዘመኑ

በ1895 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1896 ዓ.ም. በጥር 4 ቀን የቼክ ፊልሃርሞኒ የሚባለው ኦርኬስትራ በፕራግ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ስም ሲጫወት መሪው ድቮርዣክ ነበረ። ተጫዋቾቹ ከብሔራዊው ቴያትር ኦርኬስትራ የመጡ ነበሩ፤ ይህም ቴያትር የቀድሞውን የጊዜያዊ ቴያትር ቦታ የወረሰ ነው። እንግዲህ በወጣትነቱ ከቪዮላ መቺዎች ጋር ተቀምጦ የመሪውን በትር ሲመለከት የነበረው ሰው ያን ቀን በትሩን በእጁ ይዞ በፊታቸው ቆመ። ያ ኦርኬስትራ እስከ ዛሬ ድረስ አለ።

በ1901 ዓ.ም. «ሩሳልካ» የተባለው የዘፈን ቴያትሩ በፕራግ ተጫወተ፤ በዚያው ዓመት የፕራግ የሙዚቃ ተማሪ ቤት አለቃ ሆነ፥ ንጉሠ ነገሥቱም የመንግሥት ምክር ቤት አባል አድርጎ ሾመው። በምክር ቤቱ በተገኘ ጊዜ ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘው በጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ጥሩ እርሳስ ነው፥ ለዜማ መጻፊያ እንዲሆነውም ይዞት ሄደ ይባላል።

በ1904 ዓ.ም. በግንቦት 1 ቀን በስልሳ ሁለት ዓመቱ ሞተ። ፕራግ ውስጥ በቪሼሕራድ ኮረብታ የአገሩ ታላላቅ ሰዎች በሚያርፉበት መቃብር ተቀበረ። ዘጠኝ ሲምፎኒዎችና ሌሎች ብዙ ድርሰቶች ትቶ አለፈ። በብዙ ድርሰቶቹ መጨረሻ በእጁ የጻፈው ቃል፥ እግዚአብሔር ይመስገን የሚል ነው።

ከዚህ ሕይወት የሚገኝ ትምህርት

ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ድቮርዣክ በሠላሳ ዓመቱ ከቴያትሩ ሲወጣ ከፕራግ ውጭ ማንም አያውቀውም ነበር። የመጀመሪያ ሲምፎኒው ጠፋበት፤ የዘፈን ቴያትሩ ተመለሰበት፤ ብዙ ወረቀቱን ራሱ አቃጠለ። ነገር ግን አንዱም ድካም ከንቱ አልሆነም፤ እያንዳንዱ የጠፋ ወረቀት የሚቀጥለውን ማሳመር አስተማረው።

ደግሞም ሰው የናቀውን መናቅ ቀላል ነው። ድቮርዣክ የገበሬውን ጭፈራ አልናቀም፥ የባሪያውን ልጅ መዝሙር አልናቀም፥ የመንደር አስተማሪውንም ውለታ አልረሳም። ይህን ልብ ያገኘው ከየት ነው ቢሉ፥ ከዚያች በመካከል ካለች ወንበር ነው። በኦርኬስትራ ውስጥ የራሱን ድምፅ ብቻ የሚሰማ ተጫዋች የሁሉን ዜማ ያበላሻል፤ ባልንጀራውን እየሰማ የሚጫወት ግን ሥራው ባይታይም ዜማው እንዲያምር ያደርጋል። በመካከል ተቀምጦ የሌላውን ድምፅ መስማት ያልተማረ ሰው፥ በፊት ቆሞ ሌሎችን ሊመራ አይችልም።